ፉንዲ ሼኩዌና ሰላምታ የበዛበት ጌም

ላሙ በምትባለው ደሴት ላይ፣ ከባሕሩ ዳር ወደ ዳገቱ በምትወጣው ጠባብ መንገድ፣ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ፊት ለፊት ከተገናኙ አንደኛዋ ወደ ኋላ መመለስ አለባት። የትኛዋ ትመለስ የሚለውን የሚወስኑት በየደጃፉ ግራና ቀኝ በተሠራው የድንጋይ መቀመጫ ላይ የሚውሉት ሽማግሌዎች ናቸው። መቀመጫውን ባራዛ ይሉታል። ሽማግሌዎቹ አይቸኩሉም። አንዲት አህያ ፍርዱን ስትጠብቅ እዚያው ቆማ ወለደች፣ ውርንጭላዋም ፍርዱ ሳያልቅ ለጭነት ደረሰች የሚሉ አሉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ከእነዚህ ዳኞች አንዱ ፉንዲ ሼኩዌ ነበር። ፉንዲ እጁ ላይ ሙያ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠራበት ማዕረግ ነው፤ እሱ ያገኘው በጀልባ ሥራ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ንድፍ፣ ያለ ሜትር፣ በዓይኑ እየለካ ጀልባ ሠርቷል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠማማ እንጨት ካየ እንጨቱ ራሱ አፍሮ ይቃናል ይባልለት ነበር። በስልሳ አንድ ዓመቱ ግን ቁርጥማት ጣቶቹን ያዘና መጥረቢያው ከእጁ እየሾለከ ይወድቅ ጀመር። ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀው የአንድ ደንበኛ ጫማ ላይ ነው። ደንበኛው ደግነቱ ጫማውን አውልቆ ነበር። ፉንዲ ሼኩዌ በማግስቱ መጥረቢያውን ሰቀለና ባራዛው ላይ ከፋማው ጎን ተቀመጠ።

ፋማው አራት አህዮች ያሉት፣ አራቱንም አማቹ የሚነዳለት የልጅነት ጓደኛው ነው። ፊት ለፊት ያለው አንድ ጥርሱ ከሌሎቹ ቀድሞ ወጥቶ መንገዱን ይመለከታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝንጅብል ሻይ ይጠጣሉ፣ ገበጣ ይጫወታሉ፣ በአህያ ይፈርዳሉ። መጥፎ ኑሮ አልነበረም። አንድ ቀን ግን ሁለት መርከበኞች በፊታቸው ሲያልፉ አንደኛው ለጓደኛው፣ «ያ ፉንዲ ሼኩዌ ነው። ጥሩ ጀልባ ይሠራ ነበር» አለው።

ነበር። ሰውየው እዚያው ተቀምጦ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ ዓይኑ እየተርገበገበ፣ «ነበር» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሻዩ አልጣፈጠውም። ሰው ሞቶ ሲቀበር የሚባለውን በቁሙ የሰማ ሰው ስኳር ቢጨምር ባይጨምር አንድ ነው።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሄደው ስለ በር ነው። በሩ በእርጥበት አብጦ አልዘጋም ስላለ፣ እጅህ ባይሠራም ዓይንህ ይሠራልና መጥተህ እይልን ብለው ጠሩት። ገባ፣ በሩን በአንድ ዓይኑ አየው፣ በሽታውን አወቀ። የሚነግረው ሰው እስኪመጣ ከአንድ ኮምፒውተር ፊት ባገኘው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ከአገሪቱ ምዕራብ፣ ከቡንጎማ የመጣች፣ ረጅም፣ ቃል የማታባክን ኔኬሳ የምትባል ወጣት መምህርት መዝገብ ይዛ ገባች።

«ስምዎ?»

ነገራት።

«ዕድሜ?»

ለበር ጥገና ዕድሜ ለምን አስፈለገ ብሎ ገረመው። ግን መዝገብ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ስልሳ ሦስት አላት። እሷም ጻፈችና ወደ ሌሎቹ ስድስት ሰዎች ዞረች። ፉንዲ ሼኩዌ እንዲህ አድርጎ የኮምፒውተር ጌም ሥራ ጀማሪዎች ክፍል ሰባተኛው ተማሪ ሆነ። በሩ እስከ ዛሬ አይዘጋም።

«ሦስት ወር አለን» አለች ኔኬሳ። «እያንዳንዳችሁ አንድ ጌም ትሠራላችሁ። አንድ ሰው ከግራ ይነሣል፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ከቀኝ ይደርሳል። ሌላ የለም። በመጨረሻው ቀን ጌሙን አይቶት የማያውቅ እንግዳ አመጣለሁ። ማንም ምንም ሳይነግረው እስከ መጨረሻው ከተጫወተው፣ ሠሪው ወንበሩን ይዞ ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋል። እንግዳው ካልጨረሰው ወንበሩ ይለቀቃል።»

«ለማን?» አለ ፉንዲ ሼኩዌ።

መዝገቡን ገልጣ አሳየችው። ሰባቱ ወንበር ቀድሞ ለተቀመጠ ነው፤ ሌላ አርባ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ይጠብቃል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሊነሣና ሊሄድ ነበር። አርባ ሦስቱን ስም ካየ በኋላ ግን ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፤ አንድ እግሩ በሽቦ ተጠግኗል። ቢሆንም እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ገና እየሠራ ነው፤ «ነበር» አይባልም።

የመጀመሪያው ትምህርት ሰው መሳል ነበር። ኔኬሳ ዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት የሆነ በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ሰጠቻቸው፤ ካሬዎቹን እየቀቡ ሰው ማውጣት ነው። የፉንዲ ሼኩዌ ሰው መጀመሪያ ዓሣ መሰለ፤ ቢያስተካክለው ደግሞ የታመመ ዓሣ መሰለ። ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ምዋናኢሻ ዕድሜዋን ሙሉ የወንድ ቆብ ጠላፊ ናት፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ እየቆጠረች አበባ ታወጣለች። ወረቀቱን አየችና፣ «ይሄማ ቆብ ነው» አለች። ባቄላው በኮኮናት ወተት እስኪበስል ረጅም ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ቆብ የደፋ፣ ራሱ ላይ የሐልዋ ጣፋጭ ትሪ የተሸከመ ሰው ቆጥራ አወጣች።

«አፍንጫው አልበዛም?» አላት።

«የአንተን ነው የቆጠርኩት።»

በማግስቱ ሰውየው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ፉንዲ ሼኩዌ በአንድ ጣቱ ትእዛዙን ጻፈለት፤ የመሬት ስበት የሚባለውንም ኔኬሳ እንዳሳየችው ጨመረለት። ቁልፉን ሲጫን ሰውየው ከነትሪው ቁልቁል ወርዶ ከስክሪኑ ጠፋ።

«የት ሄደ?»

«ወደቀ» አለች ኔኬሳ። «መሬቱ መሬት መሆኑን አልነገሩትም። ኮምፒውተር የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«አሁን የት ነው?»

«እየወደቀ ነው።»

ፉንዲ ሼኩዌ ምሳ አልወርድለት አለ። ሐልዋ የተሸከመ፣ አፍንጫው የራሱ የሆነ ሰው ማለቂያ በሌለው ባዶ ውስጥ እየወረደ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀው፣ «እስካሁን እየወደቀ ነው?» ብሎ ነበር።

«ኮምፒውተሩን አጥፍቼዋለሁ፣ ፉንዲ።»

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አለ ከልቡ።

መሬቱን መሬት ነህ ብለው ነገሩት፤ ሰውየው ቆመ። ዝላይ ሰጡት። የመጀመሪያው ዝላይ በጣም ከመብዛቱ የተነሣ ሰውየው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ፉንዲ ሼኩዌ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ አልተመለሰም። ሌሎቹ ተማሪዎች ቁጥሩን በግምት ይቀያይሩ ነበር። እሱ ግን አንድ ዓይኑን ጨፈነና ስክሪኑን እንደ እንጨት አየው፤ «ከባራዛ ባራዛ ሦስት ርምጃ ነው፤ ዐሥራ አንድ ስጡት» አለ። ዐሥራ አንድ ልክ መጣ። ኔኬሳም ከዚያ ቀን ወዲህ የሌሎቹ ተማሪዎች ዝላይ አልስተካከል ሲል፣ «ፉንዲ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ» ትለው ጀመር።

ጀልባ ሲሠራማ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ አየው። ባሕሩ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ፣ ሸራዋ የተወጠረ ጀልባ ናት፤ ሰውየው ዘሎ ይሳፈርባትና ይሻገራል። ሰውየው ዘለለ፣ ቆመባት። ጀልባዋ ሄደች፤ ሰውየው ግን እዚያው አየር ላይ ቀረና ባሕር ገባ።

«ይሄ ሰው ጠጥቷል» አለ ፉንዲ ሼኩዌ። «እግሩ ያለበት ጀልባ ሲሄድ አብሮ የማይሄድ ሰካራም ብቻ ነው።»

«ከጀልባዋ ጋር ሂድ ብለው አልነገሩትማ።»

«ይሄም ይነገራል?»

ይነገራል። ነገረው።

ሁለት ወር ሲሞላ መንገዱ አለቀ። ታሪኩ ቀላል ነው፦ ሰውየው ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ከባራዛ ባራዛ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ሐልዋውን ዳገቱ ጫፍ ላይ ወዳለው የሙሽራ ቤት ያደርሳል። ከኋላው የባሕሩ ውሃ ቀስ እያለ ይሞላል፤ የዘገየ ይሰጥማል። ኔኬሳ ስታየው፣ «ውሃው ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። እሷ ጥሩ ካለች ሌላ ሰው ጨፈረ ማለት ነው።

ጉድ የመጣው ባራዛዎቹ ላይ ሰው ሲያስቀምጥ ነው። ባዶ ባራዛ ለዓይን ይከብዳል፤ አገሬው የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ምዋናኢሻ ዘጠኝ ሰዎች ቆጠረችለት፤ ዘጠኙም የሚታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ፋማው ነው፣ ከነጥርሱ። ሰው ካለ ደግሞ ሰላምታ አለ። የሐልዋው ሰው ፋማው ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከሁለቱም ራስ በላይ ጽሑፍ ይወጣል፦ ሰላም አለይኩም፤ ወአለይኩም ሰላም፤ እንዴት አደርክ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? አህዮቹስ? ያ ወገብህን ያመመህ እንዴት ሆነ? ድመቷ ዳነች? ድመቷ ድናለች፤ ያንተስ ቤት? ከዚህ በኋላ ፋማው በተራው ይጠይቃል።

ሞከሩት። በሁለተኛው ባራዛ ላይ፣ የዓሣ ሻጯ የቢ ኪዴ ሦስተኛ ልጅ ትዳር እንዴት እንደሆነ እየተጠየቀ ሳለ፣ ውሃው ደረሰና ጠያቂውንም ተጠያቂዋንም አሰጠመ።

«ፉንዲ፣ ሰላምታው ይውጣ» አለች ኔኬሳ።

«ምን?»

«ተጫዋቹ ሊዘል ነው የመጣው። እንግዳው ሁለተኛው ባራዛ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ጥሎት ከሄደ ወንበሩ ሄደ።»

«በዚህ መንገድ ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«በጌም ውስጥ እኮ ነው።»

ፉንዲ ሼኩዌ መዝገቡን አሰበ፤ አርባ ሦስቱ ስም ዓይኑ ላይ መጣ። አንድ ሙሉ ጠዋት ቁጭ ብሎ ሰላምታውን በአንድ ጣቱ ቃል በቃል አጠፋው። ድመቷን ለመጨረሻ አቆያት። ሰውየው አሁን ባራዛ ላይ ያርፋል፣ ይነሣል፣ ይዘላል፤ ውሃው አይደርስበትም። ሥራው አማረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘመድ ወዳጅ ገብቶ እንዲያይ በሩ ተከፈተ፤ ድሮም አልተዘጋም። ፋማው የተጠበሰ ካሳቫ እያኘከ መጣና ከጓደኛው ትከሻ በላይ አንገቱን አሰገገ። የሐልዋው ሰው ከጀልባው ዘለለ፣ የመጀመሪያው ባራዛ ላይ አረፈ፣ የተቀመጠውን ሰው እንደ ዕቃ አለፈው፣ ሄደ።

ፋማው ማኘኩን አቆመ።

«ያ የተቀመጠው እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ» አለ ፉንዲ ሼኩዌ ደስ እያለው። «ጥርስህን አየኸው?»

«ያኛውስ? አፍንጫው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰላም ሳትለኝ አለፍክ።»

«ፋማው፣ በጌም ውስጥ እኮ…»

«ሃምሳ ስምንት ዓመት» አለ ፋማው የካሳቫውን ወረቀት እያጠፈ። «ሃምሳ ስምንት ዓመት ተዋውቀን ኖርን። ኮምፒውተር ገዛህና ሰላም ሳትለኝ አለፍክ።»

«የቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ አልገዛሁም።»

«ይባስ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ፋማው የተቀመጠው ከመንገዱ ማዶ፣ የማንም ባልሆነው ባራዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው። ፉንዲ ሼኩዌ ሰላም አለው። ፋማው ለግድግዳው አገጩን አነሣለት። ኩርፊያው በመንገዱ ሁሉ ችግር አመጣ፤ አህዮች ሲገናኙ አንደኛው ዳኛ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ሆነው የማይነጋገሩ ስለሆነ ፍርድ አልሰጥ አለ። በሦስተኛው ቀን የአህያው ሰልፍ ባሕሩ ዳር ደረሰ። አራተኛው ቀን ላይ የመጨረሻዋ አህያ ጀልባ ውስጥ ናት ተባለ።

«ሰላምታውን መልስለት» አለችው ምዋናኢሻ።

«ብመልሰው ይሰጥማል፤ ወንበሬ ይሄዳል።»

«ባትመልሰውስ?»

«ፋማው ይሄዳል።»

እሷ ክሯን ነከሰችና ቆቧን ቀጠለች። ይሄ ቀዳዳ በመቁጠር የሚወጣ አልነበረም።

ለመጨረሻው ቀን ዐሥር ቀን ሲቀር፣ ጠዋት ላይ፣ ምዋናኢሻ የቆብ ትእዛዝ በዝቶባት መነሣት ስላልቻለች፣ ሁለት ኮኮናት ከባሕሩ ዳር ገዝቶ እንዲመጣ ላከችው። ዕቃ መግዛት የሷ ሥራ ስለነበረ ፉንዲ ሼኩዌ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን በገበያ ሰዓት አልሄደበትም። ከቤት ወደ ባራዛ አራት ርምጃ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በጓሮ በኩል ነው። የአህያ ነጂዎቹ ፍርድ ቢያጡ ጠዋት የሚወርድ፣ ከሰዓት የሚወጣ ብለው ተራ ገብተዋልና፣ አሸዋ የተሸከሙ አህዮች ከኋላው እየገፉት ቁልቁል ወረደ። ከግራ፣ «ፉንዲ፣ እንዴት አደርክ» አሉት፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ቤት ደህና?» አለ። መልሱ ከኋላው መጣ፤ የሱም ጥያቄ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ሄደ። ከቀኝ ሌላ ተነሣ። አህያዋ በአፍንጫዋ ወገቡን ገፋችው። «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው፣ ያንተስ ጣት?» «እንዳለ ነው» ሲል ጠያቂው ሦስት ቤት ርቋል። የመጨረሻውን «ሰላም ዋል» የሰማው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ ነው።

ኮኮናቱን ገዝቶ በእጁ እያገላበጠ ሳለ ነገሩ ገባው። ዐሥራ አራት ሰው ሰላም ብሏል። አንዴም አልቆመም።

ባራዛ ላይ ተቀምጠህ ስታየው ሰው ላንተ ሲል የቆመ ይመስልሃል፤ ሻይህን ይዘህ ረጅም ሰላምታ ትጠጣለህ። የሚሄደው ሰው ግን አይቆምም፤ በዚህ ጠባብ መንገድ ከኋላው አህያ እያለች ልቁም ቢልም አይችልም። አፉ ሰላም ይላል፣ እግሩ ይሄዳል። ፉንዲ ሼኩዌ ሁለት ዓመት ተቀምጦ የሚሄድ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚል ረስቷል። ጌሙን የሠራው እንደ ተቀማጭ ነው።

ኮኮናቶቹን በብብቱ ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። እየሮጠ ነበር የሚሉ አሉ፤ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ሲሮጥ ያላዩ አህዮች ቆመው አዩት የሚሉም አሉ።

«ሰላምታ እግር አይዝም» አላት ኔኬሳን።

«ይቀመጡ፤ ይተንፍሱ።»

«እየዘለለ ሰላም ይበል። ጽሑፉ አየር ላይ ከኋላው ይንሳፈፍ፤ መልሱም ይከተለው። እግሩ እንዳለ ይሂድ።»

ኔኬሳ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አዞረች። «ሰላም የማይል ተጫዋችስ?»

«ሰላም ያላልከው ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ እግሩን መንገድ ላይ ይዘረጋል። ትደናቀፋለህ።»

ኔኬሳ ሳቀች። በክፍሉ ውስጥ ጥርሷን ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አንዲት ቁልፍ ለሰላምታ ሰጡና ዘጠኝ ቀን ሠሩ። ድመቷም ተመለሰች።

ፋማው ግን አልተመለሰም። ፉንዲ ሼኩዌ ማዶው ባራዛ ድረስ ሄዶ፣ «አሁን ሰላም እልሃለሁ፤ መጥተህ እይ» አለው። ፋማው ለግድግዳው፣ «ጉዳይ አለብኝ» አለው። ጉዳዩ ግድግዳውን ማየት ነበር።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በሰው ከመሙላቱ የተነሣ መጻሕፍቱ ራሳቸው ገፋ ገፋ ብለው ቦታ ለቀቁ። ኔኬሳ ያመጣችው እንግዳ ኦዴሮ የሚባል፣ ከኪሱሙ ወደ ደሴቱ ፖስታ ቤት ከተዛወረ ሦስት ቀን የሆነው፣ ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው። ሰዎቹን አስጠነቀቀች፦ ማንም አይናገር፣ በጣት አይጠቁም። የላሙን ሰው አትናገር ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደ ማለት ነው፤ ቢ ኪዴ የመሸፈኛዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነክሳ ያዘችው።

ኦዴሮ የአንዱን ተማሪ የሸርጣን ጌም ጨረሰ። የሌላውን የእግር ኳስ ጌም ጀምሮ ተወው፤ ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ወንበሩን ለቀቀ። የፉንዲ ሼኩዌ ተራ አምስተኛ ነበር። እንግዳው ከመቀመጡ በፊት ፉንዲ ሼኩዌ ፋማውን በበሩ ሲገባ አየው። ፋማው ለማንም ሳይሆን በጠቅላላው፣ «ጣሪያው ያፈሳል ስላሉ ላየው ነው የመጣሁት» አለና ከኋላ ቆሞ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ኦዴሮ ሰባት ጊዜ ባሕር ገባ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሃምሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። በስምንተኛው ጀልባዋን ያዘ። የመጀመሪያው ባራዛ ላይ ሲያርፍ ያቺን የሰላምታ ቁልፍ ሳያውቀው ነካት፤ «ሰላም አለይኩም» ከሐልዋው ትሪ ላይ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ባለጥርሱ ሰው ብድግ ብሎ፣ «ወአለይኩም ሰላም፣ ድመቷ ድናለች» አለው። ኦዴሮ ፈገግ አለ። በሁለተኛው ባራዛ ቁልፏን ሳይነካት አለፈና የቢ ኪዴ እግር መንገድ ላይ ተዘርግቶ ጣለው። «ኧረ ይቅርታ እናቴ» አለ ለስክሪኑ፤ እውነተኛዋ ቢ ኪዴ መሸፈኛዋን ነክሳ አንገቷን ነቀነቀችለት። ከዚያ በኋላ ማንንም አላለፈም። ጨዋ ሰው ነው፤ አንዱን ባራዛ እንደ ረሳ ሲያውቅ ውሃው እየመጣ ተመልሶ ሰላም ብሎት ሄደ።

ዳገቱ ጫፍ ደረሰ፤ የሙሽራዋ ቤት በር ዝግ ነው። ትሪውን እንደ ተሸከመ በሩ ፊት ቆመ። የሰላምታዋን ቁልፍ ተጫናት፤ ሰውየው፣ «ቤቶች!» አለ። ዝም። እንደገና ተጫናት፤ «ቤቶች!» ዝም። ውሃው ከታች ሁለት ጣሪያ ውጧል።

ኦዴሮ እጁን ከቁልፉ አነሣ። «ሰው የለም መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ፉንዲ ሼኩዌ ስሕተቱን ያኔ አየ። «ቤቶች» የሚባለው ሦስት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ብሎ የሚመለስ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ብሎም የማይመለስ ሰው እዚያ አገር አይታወቅም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ላይ ብቻ የሚከፈት በር ሲሠራ ሌላ ዓይነት ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም። ኮምፒውተሩ የነገሩትን ብቻ ያውቃል፤ እንግዳም እንደዚያው ነው ለካ። አርባ ሦስቱ ስም በዓይኑ ተሰለፉ። ባራዛው ታየው፤ ሻዩ፣ መርከበኞቹ፣ ያቺ «ነበር»። ውሃው ሦስተኛውን ጣሪያ ዋጠ።

ከኋላ፣ ጣሪያውን ከሚያየው ሰው በኩል፣ ሳል ተሰማ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እርስ በርስ የተራራቁ፣ ተቆጥረው የተቀመጡ፣ የጉንፋን ያልሆኑ ሳሎች ናቸው። ሰውየው ሳሉን ሲጨርስ ዓይኑን ከጣሪያው አላነሣም።

ኦዴሮ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ፣ እጁን መለሰ፣ ተጫነ። «ቤቶች!» በሩ ተከፈተ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ሐልዋው ደረሰ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ቢ ኪዴ መሸፈኛዋን ተፍታ እልል አለች።

የእግር ኳሱ ተማሪ አባት እጁን አወጣ። «ተነግሮታል፤ ሰው ስሏል።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ፉንዲ ሼኩዌ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀው። «እውነት ነው መምህርት» አለ። «ያ ሳል እንደ ንግግር ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት የማውቀው ሳል ነው።»

ኔኬሳ ወደ እንግዳው ዞረች። «አቶ ኦዴሮ፣ ሳሉ የነገረዎት ነገር አለ?»

«የምን ሳል?» አለ ኦዴሮ። «ላቤን ልጠርግ ነው እጄን ያነሣሁት። እኛም ዘንድ እኮ ሦስት ጊዜ ነው የሚባለው።» ይህን ሲል ወደ ኋላ፣ ወደ ጣሪያው ተመልካች፣ ትንሽ ጎንበስ ያለ መሰለ፤ ምናልባት ወንበሩ ነው ያዘነበለው።

ኔኬሳ መዝገቡን ከፈተች። የብዕሯን ክዳን ነቀለች። «እዚህ ደሴት ከመጣሁ ጀምሮ የማይስል ሰው አላየሁም» አለችና በሁለተኛው ዙር ገጽ ላይ ሼኩዌ ብላ ጻፈች። ቀጥላም፣ «በሚቀጥለው ግን በሩ ሁለተኛው ላይ ፍንጭ ይስጥ» አለችው።

«ይሰጣል» አለ ፉንዲ ሼኩዌ። «አንድ ሰው ከጎረቤት ይስላል።»

ሲወጡ ፋማው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አብረው ሃያ ርምጃ ያህል ሄዱ።

«ጥርሴ እንደዚያ አይረዝምም» አለ ፋማው።

«ካሬው ትልቅ ሆኖ ነው። አሳጥረዋለሁ።»

«ተወው። ሰው ለምዶታል።»

ሰኞ ጠዋት ፋማው በድሮው ባራዛ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀመጠ። የአህያውም ፍርድ ተጀመረ። ፉንዲ ሼኩዌ ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል አይሄድም፤ ክፍል የሚሄደው በመንገዱ ነው። ያን ጠዋትም አልቆመም። «ሰላም አለይኩም፣ ወገብህስ?» አለ እየሄደ። «ደህና ነው፣ ያንተስ ጣት?» «እንዳለ ነው!» አለ ከመታጠፊያው ወዲያ።

አዲስ የመጣ የአሸዋ ጫኝ አህያውን ይዞ ፍርድ እየጠበቀ፣ «ማነው እሱ የሚቸኩለው?» ብሎ ጠየቀ።

«ፉንዲ ሼኩዌ ነው» አለ ፋማው።

«ምን ይሠራል?»

ፋማው ሻዩን ፉት አለ።

«ሰው ያዘልላል።»